ለላብ ኮምፒውተሮች ደብ ፓኬጅ መሥራት፦ ቼክኢንስቶል ይበቃኛል ወይስ ዴብሄልፐር ልማር?

የላብ ጠባቂ | ማክሰኞ ማታ

እንደምን አመሻችሁ። ጎንደር ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ላብ የምይዘው እኔ ነኝ። ሃያ ምናምን ማሽን አለን። ግማሹ ላይ ዴቢያን 11 (የሊኑክስ ዓይነት) ነው ያለው፣ የቀረው ላይ ዴቢያን 12። ከዚህም ከዚያም በእርዳታ የመጡ ስለሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሁለቱ እንዲያውም 32 ቢት ናቸው።

አንድ የከተማችን ልጅ የሠራው የአማርኛ ትየባ ማለማመጃ አለ። በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ ለመስኮቶቹ ጂቲኬ 3ን የሚጠቀም፣ በሲሜክ (የግንባታ መሣሪያ) የሚገነባ። ተማሪዎቹ በጣም ወደውታል። እኔ ግን እስካሁን በየማሽኑ እየዞርሁ ሶርሱን (የፕሮግራሙን ኮድ) ኮምፓይል አድርጌ በሜክ ኢንስቶል ነው የምጭነው። ልጁ ቨርዥን ባደሰ ቁጥር ዙሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። የድሮው ቨርዥን ፋይሎችም የት የት እንደቀሩ አይታወቅም።

አንድ ደብ ፋይል (የዴቢያን መጫኛ ጥቅል) ሠርቼ ሁሉም ላይ ልጭነው አሰብሁ። አጋዥ መሣሪያዎቹ ግን በዙብኝ። ቼክኢንስቶል፣ ኤፍፒኤም፣ ዲኤች-ሜክ፣ ዴብሄልፐር፣ ፒቢልደር፣ ኤስቢልድ... የቱን ልያዝ?

---

አዘዞ ማዶ | ማክሰኞ ማታ

ቼክኢንስቶል ይበቃሃል ወንድሜ። ሜክ ኢንስቶል በምትልበት ቦታ እሱን ጥራ። የሚጫኑትን ፋይሎች እየተከታተለ ደብ ያወጣልሃል። በፍላሽ ይዘህ መዞር ነው። ለአንድ ላብ ዶክትሬት አያስፈልግም።

---

የላብ ጠባቂ | ረቡዕ ቀትር ላይ

አመሰግናለሁ አዘዞ። ቢሮ ያለው ዴቢያን 12 ማሽን ላይ ሠራሁት፣ ደቡም ወጣ። 12 ባሉት ላይ ሸጋ አድርጎ ሄደ። 11 ባሉት ላይም ያለ ምንም ቅሬታ ተጫነ። ፕሮግራሙን ስከፍተው ግን ምንም አይመጣም። ከቴርሚናል ሳስነሳው «ግሊብሲ 2.34 አልተገኘም» የሚል ስህተት ጻፈልኝ። ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዴት ተጫነ?

---

ቀሃ ዳር | ረቡዕ ማታ

የታወቀ በሽታ ነው። ጥያቄህ ግን ትክክለኛው ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝምብህ።

ግሊብሲ የሲ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት መሠረታዊ ላይብረሪ (የጋራ ኮድ ስብስብ) ነው። ዴቢያን 12 ላይ ያለው 2.36 ነው፣ 11 ላይ ያለው 2.31። ግሊብሲ 2.34 ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲነሳ የሚጠራው ፈንክሽን አዲስ የቨርዥን ምልክት ወጣለት። ከዚያ ወዲህ በተለመደው መንገድ ኮምፓይል የተደረገ የሲ ፕሮግራም፣ ሄሎ ዎርልድ እንኳ ቢሆን፣ ቢያንስ 2.34 ይፈልጋል። አሮጌው ላይ የተሠራ አዲሱ ላይ ይሄዳል። አዲሱ ላይ የተሠራ ግን ወደ አሮጌው አይመለስም።

ለምን ተጫነ ላልኸው፦ ቼክኢንስቶል ፋይል ቆጥሮ ነው የሚያሽገው። ፕሮግራሙ ምን እንደሚያስፈልገው ራሱ አጣርቶ አይሞላም። የዲፔንደንሲው (የሚያስፈልጉት ፓኬጆች) ቦታ ባዶ ነው፣ ስለዚህ ዲፒኬጂ (ደብ ጫኙ) የሚከለክልበት ምክንያት የለውም። ኤፍፒኤምም በዚህ በኩል ያው ነው፤ ዲፔንደንሲውን በእጅህ ካልነገርኸው አያውቅም።

ዴብሄልፐር (ደብ ለመሥራት የሚረዱ ትእዛዞች ስብስብ) ውስጥ ዲኤች-ሽሊብዴፕስ የሚባል እርምጃ አለ። የተሠራውን ባይነሪ (ኮምፓይል የተደረገውን ፕሮግራም) ከፍቶ የትኞቹን ላይብረሪዎች እንደሚጠራ ያያል። ከየትኛው ፓኬጅ እንደሚመጡና ቢያንስ ስንተኛው ቨርዥን እንደሚበቃ የፓኬጁ መግለጫ በሆነው ኮንትሮል ፋይል ላይ ይጽፋል። ያኔ 11 ላይ ልጫን ስትል ኤፒቲ (ፓኬጅ አውርዶ የሚጭነው) «ሊብሲ6 2.34 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል» ብሎ ከበር ይመልስሃል። ክፍለ ጊዜ ተጀምሮ ተማሪ ፊት ከማፈር ይሻላል።

ለመጀመር ዲኤች-ሜክን ሶርሱ ፎልደር ውስጥ አስነሳው። የፎልደሩ ስም የፕሮግራሙ ስም፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ቨርዥን መሆን አለበት። «ዴቢያን» የሚባል ፎልደር ይፈጥርልሃል። የፋይሉን ብዛት አይተህ አትደንግጥ፤ በኢኤክስ የሚያልቁት ምሳሌዎች ናቸው፣ ሰርዛቸው። ጭንቅላትህን የምትሰጣቸው አራት ናቸው፦ ኮንትሮል፣ ቼንጅሎግ (የለውጥ መዝገብ)፣ ኮፒራይት እና ሩልስ (የግንባታው መመሪያ)። ኮንትሮሉ ላይ ለመገንባት የሚያስፈልጉትን ስትዘረዝር ዴብሄልፐር-ኮምፓት 13ን ጨምር። 11ም 12ም ይቀበሉታል።

ሩልስ ሦስት መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፋይሉን ሜክ እንዲያነበው ይናገራል። ሁለተኛው %: ነው። ሦስተኛው ዲኤች $@ ነው። አለቀ። ሲሜክ መሆኑን ራሱ ያውቃል። መጫኛውን ከዩኤስአር-ሎካል ወደ ዩኤስአር ያዞራል፣ ቴስት ካለ ያስኬዳል፣ ትርፉን የዲበግ መረጃ ያራግፋል፣ ዶክመንቱን ይጨምቃል።

---

አርች ነኝ | ረቡዕ ማታ

ወይ ዴቢያኖች! አርች (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ አንድ ፒኬጂቢልድ (የአሠራር ስክሪፕት) ትጽፋለህ፣ ሜክፒኬጂ ትላለህ፣ ፓኬጅህ ወጣ። ሌላ ሰው የጻፈውን ከኤዩአር (ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሚሞሉት ማከማቻ) ከፈለግህ ደግሞ ያይ ወይም ፓሩ አለ። ስሙን ትነግረዋለህ፣ አውርዶ ኮምፓይል አድርጎ ይጭንልሃል። አራት ፋይል ምን ያደርጋል?

---

ቀሃ ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ሜክፒኬጂ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽህም። በሩት (በሙሉ ሥልጣን) ልሥራ ስትለው እምቢ ማለቱን በተለይ። የሰው ስክሪፕት በሩት የሚያስኬድ መሣሪያ ላብ ውስጥ አይገባም።

ያይንና ፓሩን ግን ከሜክፒኬጂ ጋር አትደባልቃቸው። ሜክፒኬጂ ፓኬጅ ይሠራል፤ እነሱ የሰው አሠራር አምጥተው ያስፈጽማሉ። ኤዩአር ላይ ማንም ሰው የራሱን መስቀል ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. ባለቤት ያጣ የአክሮሪድ (የፒዲኤፍ ማንበቢያ) ፓኬጅ ውስጥ ተንኮለኛ ኮድ ገብቶ ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፋየርፎክስ ማሻሻያ መስለው የርቀት መቆጣጠሪያ ትሮጃን የሚያስገቡ ፓኬጆች ተገኝተው ተነሱ። ያይ «ፒኬጂቢልዱን ላሳይህ?» የሚልህ ለወግ አይደለም። አንተ ታነበዋለህ እንበል። ላብ ውስጥ ማን ያነበዋል?

---

አርች ነኝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ

አነበዋለሁ እኮ። አልፎ አልፎ።

---

የላብ ጠባቂ | ሐሙስ ማታ

በዲኤች-ሜክ ጀመርሁ። ሁለት ነገር አስቸገረኝ።

አንደኛ፣ ሩልስ ሦስተኛ መስመር ላይ «ሚሲንግ ሴፓሬተር» ይላል። የጻፍሁት ግን ልክ እንደተባለው ነው።

ሁለተኛ፣ ቼንጅሎጉ ላይ ቀኑን በእጄ በእኛ አቆጣጠር ጻፍሁት። ወሩንም በአማርኛ። የመጨረሻው መስመር አጻጻፍ ልክ አይደለም እያለ ያስጠነቅቀኛል።

---

ፒያሳ ማተሚያ | ሐሙስ ማታ

የመጀመሪያው ታብ ነው። ዲኤች ከሚለው በፊት የታብ ቁልፍ መመታት አለበት። ስፔስ ከሆነ ሜክ አያውቀውም። አንዳንድ ኤዲተር ታቡን ሳያማክር ወደ ስፔስ ይቀይረዋል፣ ሴቲንጉን እይ። ይሄ ነገር ስንቱን አስለቅሷል መሰለህ።

---

ሽማግሌው ሲስአድሚን | ሐሙስ ማታ

የቀኑን እኔ ልመልስ። ልጄ፣ ቼንጅሎግን በእጅ አይጽፉትም። ዴቭስክሪፕትስ የሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ዲሲኤች አለ። እሱን ጥራው፣ ቀኑን በሚፈለገው ቅርጽ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሞላልሃል። ስምህንና ኢሜይልህን አንዴ አስመዝግበው፣ ከዚያ ወዲያ አይጠይቅህም።

ወሩን በእንግሊዝኛ ጽፌ ዓመቱን ብቻ የእኛን ባደርገውስ እንዳትል። ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያው ሊቀር ይችላል፣ ግን ዓመቱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄድብሃል። ዲፒኬጂ የሚሠራቸውን ፋይሎች ቀን ከዚያው ቼንጅሎግ ላይ ነው የሚወስደው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያው ሶርስ በሌላ ማሽን ሲገነባ ባይት በባይት አንድ ዓይነት ደብ እንዲወጣ ነው።

አርች ነኝ ላለው ልጅ ደግሞ ትንሽ ታሪክ። ዴብሄልፐርን ጆይ ሄስ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው ሩልስ ፋይል ረጅም ነበር። ዲኤች-ይሄን፣ ዲኤች-ያንን እያሉ በየተራ መደርደር ነው። ከአንዱ ፓኬጅ ወደ ሌላው ይገለበጥ ነበር፣ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል። ዲኤች የሚለው አጭሩ ትእዛዝ የመጣው በ2008 እ.ኤ.አ. በዴብሄልፐር 7 ነው። ዛሬ ሦስት መስመር ስታዩ የረጅም ዘመን ልምድ ተጨምቆ ነው። ምን ምን እንደሚያደርግ ማየት ከፈለጋችሁ ኖ-አክት ጨምራችሁ ጥሩት። ሳይሠራ ዝርዝሩን ብቻ ያሳያችኋል። ጀማሪ ሁሉ አንድ ጊዜ ይየው ባይ ነኝ።

---

አዘዞ ማዶ | ዓርብ ጠዋት

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ለሃያ ኮምፒውተር ይህ ሁሉ? አፕኢሜጅ ሠርቶ አንድ ፋይል ቢያድል ወይም ፍላትፓክ ቢያደርገው አይቀልም?

---

ፒያሳ ማተሚያ | ዓርብ ጠዋት

ፍላትፓክ የራሱን ራንታይም (ማስኬጃ ላይብረሪዎች) ይዞ ይመጣል፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት። የእኛን ኔት እያወቅህ? አፕኢሜጅም ግሊብሲን ብዙ ጊዜ ይዞ አይሄድም። ዴቢያን 12 ላይ ከሠራኸው 11 ላይ ያንኑ 2.34 ይልሃል። ችግሩን በሌላ ጆንያ ቋጠርኸው እንጂ አልፈታኸውም።

---

አዘዞ ማዶ | ዓርብ ጠዋት

እሺ ይሁን። የአፕኢሜጁን አላሰብሁትም።

---

ቀሃ ዳር | ዓርብ ከሰዓት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የላብ ጠባቂ፣ ደቡን ቢሮህ ባለው ማሽን ላይ በቀጥታ አትሥራው። ያ ማሽን ብዙ ነገር ተጭኖበታል፣ የጎደለውን ይሸፍንብሃል። ፒቢልደር ጫን። ለዴቢያን 11 አንድ ቤዝ (ንጹህ የዴቢያን ቅጂ) ፍጠር፣ ለ12 ሌላ። ፓኬጅ በሠራህ ቁጥር ያንን ቤዝ ይዘረጋል፣ ኮንትሮል ላይ የጻፍኸውን ብቻ ይጭናል፣ ይገነባል፣ ሲጨርስ ክፍሉን ያፈርሰዋል። ምንም ያልነካው ንጹህ ዴቢያን 11 ውስጥ ስለሚሠራ የግሊብሲው ጣጣም እዚያው ያልቃል።

ኤስቢልድም ይህንኑ ይሠራል። የዴቢያን የራሱ ገንቢ ሰርቨሮች የሚጠቀሙት እሱን ነው። ለጀማሪ ግን ፒቢልደር ይቀላል፣ በእኔ እምነት።

ለሁለቱም የሚሆን አንድ ደብ ከፈለግህ 11 ላይ የተሠራው ይበቃል። ለየብቻ ከሠራህ ግን ቨርዥኑን ለይ። 1.2-1~ዴብ11 እና 1.2-1~ዴብ12 በላቸው። ቲልዳ (~) ያለው ከሌለው ያነሰ ተብሎ ነው የሚቆጠረው፣ ዴብ12ም ከዴብ11 ይበልጣል። ማሽኑን ነገ ወደ 12 ስታሳድገው ፓኬጁም በሥርዓቱ ያድጋል።

---

ፒያሳ ማተሚያ | ዓርብ ከሰዓት

ከዚያ በፊት ኤፒቲ-ካቸር-ኤንጂ አንድ ማሽን ላይ ይጫን! ፒቢልደር በየግንባታው ያንኑ የጂቲኬ ፓኬጅ ሁሉ ይፈልጋል። ካቸሩ አንዴ የወረደውን ይይዝና በፖርት 3142 ለሁሉም ያድላል። ለፒቢልደር ብቻ አይደለም። ሃያውም ማሽን አፕዴት ሲያደርግ ከውጭ የሚወርደው አንዴ ብቻ ይሆናል። የሪፖው (የፓኬጅ ማከማቻው) አድራሻ ግን በኤችቲቲፒ ይሁን፣ በኤችቲቲፒኤስ ከሆነ እንዲሁ በነባሪው አይዝልህም። ደህንነቱ አያሳስብህ፣ ኤፒቲ ፊርማውን ለብቻው ያረጋግጣል።

እኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ የምጠቀመው ለዚሁ ነው። ወር ሳይሞላ ካርድ ማለቁ ቀረ።

---

የላብ ጠባቂ | ቅዳሜ ማታ

ካቸሩን አቆምሁ፣ ቤዙንም ፈጠርሁ። የመጀመሪያው ግንባታ ወደቀ፣ የጂቲኬ ሄደር (ሲገነባ የሚነበብ ፋይል) የለም ብሎ። ቢሮ ያለው ማሽን ላይ ከድሮ ተጭኖ ስለነበር አይታወቅም ነበር ለካ። ኮንትሮል ላይ ሊብጂቲኬ-3-ዴቭን እና ፒኬጂ-ኮንፊግን ጨመርሁ፣ አለፈ።

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። የፊደል መልመጃዎቹን የሚያሰናዳ ስክሪፕት አለ። ቢሮ ላይ ይሠራል፣ ፒቢልደር ውስጥ አማርኛውን ማንበብ ያቅተዋል። በዚያ ላይ ሥራው መሃል ላይ ሳለ መብራት ሄደ።

---

ቀሃ ዳር | ቅዳሜ ማታ

ፒቢልደር ሎኬሉን (የቋንቋና የፊደል ቅንብሩን) «ሲ» ያደርገዋል። እሱ ደግሞ ከአስኪ (ከእንግሊዝኛ ፊደላት ኮድ) ውጭ የሆነውን አይቀበልም። ሩልስ ላይ ከ%: በፊት ኤልሲ-ኦልን «ሲ ዩቲኤፍ-8» አድርገህ ኤክስፖርት አድርገው። ይኸኛው ሎኬል ንጹህ ክፍል ውስጥም አለ፣ ሌላ የሚጫን ነገር የለውም። የአማርኛውን ሎኬል እንዳትጠቀም። ቤዙ ውስጥ የለም፣ የመልእክቶቹንም ቋንቋ ይቀይርብሃል።

---

ሽማግሌው ሲስአድሚን | እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

መብራቱን በተመለከተ። ፒቢልደር ክፍሉን የሚዘረጋው ጊዜያዊ ቦታ ላይ ነው፣ ከተቋረጠ ግንባታው ከዜሮ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን እያስተካከልህ ሳለ በዲፒኬጂ-ቢልድፓኬጅ እዚያው ሥራ፣ ፒቢልደርን ለመጨረሻው አቆየው። መብራት ሲመለስ ኤንሲ የሚለውን አማራጭ ጨምርበት። ሳያጸዳ ካቆመበት ይቀጥላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መብራት በድንገት ሲሄድ በዚያች ደቂቃ ሲጻፍ የነበረ የኦብጀክት ፋይል (ኮምፓይል የተደረገ ቁራጭ) ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሜክ የሚያየው ሰዓቱን ነው፣ ውስጡን አይደለም። ያለቀ ይመስለውና ያልፈዋል፣ ሊንክ ሲያደርግ (ቁራጮቹን ሲያገናኝ) ግራ የገባው ስህተት ይጽፍልሃል። ዜሮ ባይት የሆኑትን በፋይንድ ፈልገህ አጥፋና ቀጥል።

ሲካሽንም አስበው። ፒቢልደር እንዲጠቀምበት ማድረግ ይቻላል። ኮምፓይል የተደረገውን ስለሚያስቀምጥ እንደገና ስትጀምር ብዙው ከመጋዘን ይወጣል። ለትንሽ ፕሮግራም ለውጡ አይታይህም፣ ለትልቅ ግን ዕድሜ ይቀጥላል።

---

የላብ ጠባቂ | ሰኞ ማታ

ተሳካ። 11 ውስጥ የተሠራው ደብ ሁለቱም ላይ ተጫነ፣ ተከፈተም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሊንቲያን (ፓኬጅ መርማሪው) ግን ሦስት ነገር ያማርራል። ማንፔጅ (የትእዛዙ መመሪያ) የለም፣ የኮፒራይት ፋይሉ አልተሞላም፣ ፎንትም ውስጥ አሽገሃል ይላል። ልጁ ፕሮግራሙ ውስጥ አቢሲኒካ ፎንትን አብሮ ከትቶታል።

---

ቀሃ ዳር | ሰኞ ማታ

ፎንቱን አውጣው። ዴቢያን ውስጥ ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ የሚባል ፓኬጅ አለ። ዲፔንድስ ላይ ስሙን ጻፈው፣ ኤፒቲ አብሮ ያመጣዋል። አንድ ፎንት በሁለት ቦታ ማሽን ላይ ሲቀመጥ አሮጌው አዲሱን ሸፍኖ የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ።

ማንፔጁን ለላብ ብቻ ከሆነ እለፈው። ኮፒራይቱን ግን አትለፈው። ልጁ ፈቃድ ጽፏል?

---

የላብ ጠባቂ | ሰኞ ማታ

አልጻፈም። «ለሁሉም ነፃ ነው» ብሎኛል በቃል።

---

ቀሃ ዳር | ሰኞ ማታ

በቃል የተባለ ነገር ፓኬጅ ውስጥ አይገባም። ጂፒኤልም ይሁን ኤምአይቲ፣ የፈለገውን መርጦ ሶርሱ ላይ ያስቀምጥ። የእሱ ሥራ ነው፣ የእሱም ስም ይቀመጥ። አንተ ፓኬጁን የያዝህ ሰው ነህ፣ ደራሲው እሱ ነው። ሁለቱ ቦታቸው ለየብቻ ነው።

---

አዘዞ ማዶ | ማክሰኞ ጠዋት

አሁንም በፍላሽ ነው የምትዞረው ወይስ?

---

የላብ ጠባቂ | ማክሰኞ ማታ

ቀረ። ካቸሩ ያለበት ማሽን ላይ በሬፕሬፕሮ ትንሽ ሪፖ ሠራሁ። በጂፒጂ ቁልፍ ፈርሜ የሕዝብ ቁልፉን ለሁሉም ማሽኖች አደልሁ። ልጁ አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ እገነባና ሪፖው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ማሽኖቹ በአፕግሬድ ራሳቸው ይወስዱታል። የቀሩኝ ሁለቱ 32 ቢት ማሽኖች ናቸው።

---

ቀሃ ዳር | ማክሰኞ ማታ

ለእነሱ ሌላ ማሽን አትፈልግ። ፒቢልደር ላይ ቤዝ ስትፈጥር አርክቴክቸሩን አይ386 በለው። 64 ቢት ማሽንህ ራሱ ይገነባዋል። ሬፕሬፕሮም ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን ይይዛል። ማሽኖቹን ግን ዴቢያን 12 ላይ አቁማቸው። ከ13 ጀምሮ ለ32 ቢት ከርነልም ኢንስቶለርም የለም።

---

ፒያሳ ማተሚያ | ማክሰኞ ማታ

የላብ ጠባቂ፣ የ11ዱን ቤዝ ፋይል በፍላሽ ትቀዳልኛለህ? ቅዳሜ ከገበያ መልስ በትምህርት ቤቱ በር ነው የማልፈው። እኔም ለማተሚያ ቤቱ የዋጋ ማስሊያ ደብ ልሠራ ነው፣ ያንን ሁሉ ሜጋባይት እንደ አዲስ ከኔት አላወርድም። ሩልሱንም ጣልልኝ፣ ታቡ እንዳለ።